ከሞት በኋላ የሚመጣ ቅጣት፦ ከይፋት ሡልጣኖች እስከ ተሰወሩት መቃብሮች

ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወረድ የሚገኘው የይፋት ቆላ በ13ኛው መቶ ዓመት ዑመር ወላስማዕ የመሠረተው ሡልጣኔት አገር ነው። ከሸዋ ሮቢት ብዙም በማይርቁ ኮረብታዎች ላይ ኖራን፣ አስበሪንና መሰልን የመሳሰሉ ከተሞች ነበሩ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፈረንሳይ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች ባካሄዱት ጥናት የመስጊድ ፍርስራሾች፣ የከተማ ግንቦችና በዐረብኛ የተጻፈባቸው የመቃብር ድንጋዮች ተመዝግበዋል። ከድንጋዮቹ አንዳንዶቹ የወላስማዕ ቤተሰብ አባላትን ስም ይዘዋል። ይህ ምድር ከአፄ ዓምደ ጽዮን ጀምሮ ተደጋጋሚ ዘመቻ ያረፈበት ሆኖ ሳለ፣ ድንጋዮቹ ላይ የተቀረጸው ስም ዛሬም ይነበባል።

ከዚሁ ቤተሰብ የወጣው ሡልጣን በድላይ ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። በ1438 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር ተዋግቶ ሲወድቅ ሬሳው ተቆራረጠ፤ ራሱና ሌሎች የአካሉ ክፍሎች በየአገሩ ተልከው እንዲታዩ ተደረገ። ከአንድ ዘር የወጡ ሙታን፣ የአንዱ መቃብር በድል አድራጊው ግዛት ውስጥ ሳይነካ ሲቀር የሌላው አካል ከሞት በኋላ ተቀጣ። ድል አድራጊ መቼ መቃብርን ይተዋል፣ መቼስ ሬሳ ላይ ይዘምታል? ቅጣቱስ የታሰበለትን ዓላማ ያሳካል? የኢትዮጵያ ታሪክ ለጥያቄዎቹ የስድስት መቶ ዓመት ማስረጃ አለው።

አራት የሚምታቱ ነገሮች

በሙታን አካል ላይ ስለሚፈጸም በደል ሲነገር አራት የተለያዩ ድርጊቶች በአንድ ላይ ይጠቃለላሉ። ካልተለዩ ክርክሩ አይጠራም።

የመጀመሪያው ግዳይ ነው። ወታደር የገደለውን ሰው አካል ቆርጦ ለአለቃው የሚያቀርብበት ልማድ፣ ሰለባንም ጨምሮ፣ በቀድሞው የጦር ሜዳ ለሹመትና ለሽልማት ማስረጃ ነበር። ተቆራጩ ማን እንደሆነ ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ ልማዱ የገዳዩን ስም ለማስጠራት የቆመ ነው።

ሁለተኛው የታወቀን ሰው፣ ንጉሥን፣ ሡልጣንን ወይም ዐመፀኛን፣ በስሙ ለይቶ ሬሳውን ለሕዝብ ማሳየት ነው። ይህ መንግሥት ለሕዝቡ የሚያስተላልፈው አዋጅ ነው። ሦስተኛው ከቀብር በኋላ የሚመጣ ፍርድ ሲሆን፣ ያረፈን ሰው ከመቃብር አውጥቶ በወንጀል ወይም በኑፋቄ መቅጣትን ያመለክታል። አራተኛው መሰወር ነው፤ ሬሳውን ማንም ሳያውቅ መጣል፣ ቤተሰብን ቀብርና ለቅሶ መንፈግ፣ የመቃብሩን ቦታ ምስጢር ማድረግ።

ሁለተኛውና አራተኛው ተቃራኒ ይመስላሉ። አንዱ ያሳያል፣ ሌላው ይደብቃል። የሚነጥቁት ግን አንድ ነገር ነው፤ ሟቹ በወገኖቹ እጅ፣ በሃይማኖቱ ሥርዓት ወደ አፈር የመመለስ መብቱ።

ከይፋት የተነሣው የበቀል ሐረግ

የበድላይ አባት ሡልጣን ሰዓደዲን በዘይላ አጠገብ ሲገደል ስሙ አልጠፋም። ደሴቱ በስሙ ተጠራ፤ ተከታዮቹም አገራቸውን «በር ሰዓደዲን» አሉት። ቤተሰቡ ከይፋት ወደ አዳል ምድር ተሻግሮ ትግሉን ቀጠለ። የበድላይ ሬሳ በየአገሩ መዞሩም ለጊዜው ድሉን አበሰረ እንጂ ጦርነቱን አልዘጋም።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን የሐረጉን አካሄድ ያሳያል። በ1509 ዓ.ም. የዘይላው አሚር ማሕፉዝ ከአፄ ልብነ ድንግል ጦር ጋር ሲዋጋ፣ ገብረ እንድርያስ የተባለ መነኩሴ ተጋጥሞት ገደለውና ራሱን ቆረጠው። የማሕፉዝ ልጅ ባቲ ድል ወንበራ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሚስት ነበረች። በ1535 ዓ.ም. የካቲት ኢማሙ በወይና ደጋ ወደቀ፤ የእርሱም ራስ ተቆርጦ በየአገሩ እንዲዞር ተደረገ። አባቷም ባሏም በዚህ መንገድ የተወሰዱባት ድል ወንበራ ወደ ሐረር ተመለሰች። የባሏን ደም የሚመልስላትን እንደምታገባ አስታወቀች፤ ኑር ኢብን ሙጃሂድንም አገባች። በ1551 ዓ.ም. መጋቢት አፄ ገላውዴዎስ ከኑር ጋር ሲዋጋ ሞተ፤ ራሱም ወደ ሐረር ተወስዶ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ታየ። በኋላ አንድ የአርመን ነጋዴ ራሱን ገዝቶ ወደ አንጾኪያ እንደወሰደውና በቅዱስ ገላውዴዎስ መቃብር እንደተቀበረ ይተረካል።

በእያንዳንዱ አጋጣሚ ድል አድራጊው ነገሩ ያበቃለት መስሎት ነበር። አንድ ቤት ውስጥ ባለች ሴት ሐዘን ግን የማሕፉዝ፣ የኢማም አሕመድና የገላውዴዎስ ሞት ተያያዘ። የጦርነቱ መንስኤ መሬት፣ ግብር፣ ንግድና ሃይማኖት ስለነበረ የተቆረጡት ራሶች ብቻቸውን ጦርነት አመጡ ማለት አይቻልም። ነገር ግን በቀሉን የግል ግዴታ ያደረገው፣ ለቀጣዩ ትውልድም የሚታይ ምልክት የሰጠው፣ ያ የአካል ውርደት ነበር።

መቃብር ሲከሰስ

ከቀብር በኋላ የሚመጣ ፍርድ በኢትዮጵያ ታሪክ ብዙም የተለመደ አይደለም። በአውሮፓ ግን ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ897 በሮም የሟቹ ጳጳስ ፎርሞሱስ ሬሳ ከመቃብር ወጥቶ፣ የጵጵስና ልብስ ለብሶ፣ በጉባኤ ፊት ተከሰሰ፤ ተፈርዶበትም ቲቤር ወንዝ ተጣለ። የእንግሊዙ የሃይማኖት ሊቅ ጆን ዊክሊፍ ከሞተ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1428 አጥንቱ ተቃጠለ። ኦሊቨር ክሮምዌል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1661 ከመቃብሩ ወጥቶ ተሰቀለ፣ ራሱም ተቆረጠ፤ ያ ራስ በካምብሪጅ የተቀበረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው።

በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው አጋጣሚ የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው፤ እርሳቸው የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ነበር። የካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ፣ በተዋሕዶ እምነት የሞተና በሕዝብ ዘንድ የተከበረ የገዳም አለቃ ቤተ መቅደስ ውስጥ መቀበሩን ሲሰማ አስከሬኑ እንዲወጣ አደረገ። በአውሮፓዊው የኑፋቄ ሕግ ይህ ተራ እርምጃ ነበር። ሕዝቡ ግን በሕያዋን ላይ ብቻ ይመስለው የነበረው ግፊት ወደ ሙታን መሻገሩን አየና ተቆጣ። ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞው እምነት እንዲመለስ ያወጁት በብዙ ምክንያት ሲሆን ከሁሉም በላይ ያደከማቸው የእርስ በርስ ደም መፋሰሱ ነበር። የመቃብሩ መከፈት ግን ቅሬታውን ወደ እያንዳንዱ ቤት አስገባው፤ የሞተ አባት የሌለው ቤት የለምና።

መተማና ኦምዱርማን

የ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሐረጉን ከድንበር አሻግሮ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1885 ካርቱም በመሐዲስቶች ስትያዝ የእንግሊዛዊው ጄኔራል ቻርልስ ጎርደን ራስ ተቆርጦ ለመሪያቸው ለመሐዲው ቀረበ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ቆሰሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። አስከሬናቸውን ይዞ ወደ ትግራይ የሚመለሰው ጓድ ተደርሶበት፣ አጎታቸው ራስ አርአያ አስከሬኑን ሲጠብቁ ወደቁ። የንጉሠ ነገሥቱ ራስ ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን፣ ወደ መሐዲው ተተኪ ወደ ኸሊፋ አብዱላሂ ተላከ። አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በ1890 ዓ.ም. ነሐሴ፣ የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር ኦምዱርማንን ያዘ። የመሐዲውን መቃብር አፈረሰ፤ አጽሙን ናይል ውስጥ አስጣለ፤ የራስ ቅሉን ግን አስቀረ። በእንግሊዝ ቁጣ ተነሥቶ ንግሥት ቪክቶሪያም ቅር ስለተሰኙ ቅሉ በወዲ ሐልፋ ተቀበረ።

«ሥልጣኔን» ይዞ መጣሁ ያለው ጦርና «አረመኔ» ያለው ባላጋራው ሬሳ ላይ የፈጸሙት አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ለንደን ውስጥ የሚጠይቅ ጋዜጣና ፓርላማ መኖሩ ነበር። ይህም የሙታንን ክብር ከዘመናዊነት ይልቅ ተጠያቂነት እንደሚጠብቀው ያሳያል።

የመቅደላ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ የእንግሊዝ ወታደሮች ልብሳቸውን ለመታሰቢያ ቀደዱ፤ ከጸጉራቸውም ቆረጡ። አስከሬኑ ግን በመቅደላ መድኃኔ ዓለም በሥርዓት ተቀበረ። ጸጉሩ በለንደን ብሔራዊ የጦር ሙዚየም ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ተመለሰ። ይህ ከቅጣት ይልቅ ወደ ግዳይና ወደ ሙዚየም ስብስብ ይጠጋል። በ1872 ዓ.ም. በእንግሊዝ የሞተው የልዑል ዓለማየሁ አጽም በዊንዘር መቆየትም ቅጣት አይደለም። የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳይረብሹ ማውጣት አይቻልም በሚል በ2015 ዓ.ም. የመመለስ ጥያቄው ውድቅ ሆኗል። ሁለቱን ከዮሐንስ ራስ ጋር አንድ ማድረግ በደሉን ሁሉ እኩል ያደርጋል፤ ለመጠየቅም ያስቸግራል።

ዘመናዊው መንግሥትና የተሰወረ መቃብር

20ኛው መቶ ዓመት ማሳየትንና መደበቅን አጣምሮ ተጠቀመ። ፋሺስት ኢጣልያ በ1930 ዓ.ም. መስከረም የዋጉን ደጃዝማች ኃይሉ ከበደን ራስ ቆርጣ ለሕዝብ አሳየች። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ የገደለቻቸውን የአቡነ ጴጥሮስን አስከሬን ግን ሰወረች፤ መቃብራቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመንዝ ዘረት ዋሻ ውስጥ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በመርዝ ጋዝና በጥይት አለቁ። ዋሻው ከይፋት ቆላ በላይ ካለው ደጋ ብዙ አይርቅም። የሟቾቹ ቁጥር እስካሁን ያከራክራል፤ በ1998 ዓ.ም. ኢጣልያዊው የታሪክ ምሁር ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ቦታውን ሲጎበኝ ግን አጽማቸው ዋሻው ውስጥ ነበር።

ልማዱ የኢጣልያ ብቻ አልነበረም፤ ከነጻነት በኋላም አልቆመም። የልጅ ኢያሱ መቃብር በ1928 ዓ.ም. ከሞቱ ጊዜ ጀምሮ ምስጢር ሆኖ ቀረ። የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ከመሪዎቹ የአንዱ የግርማሜ ንዋይ ሬሳ አዲስ አበባ መጥቶ በአደባባይ ተሰቀለ። ደርግ ሁለቱን ዘዴዎች ወደ ላቀ ደረጃ አደረሳቸው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የተረሸኑት ባለሥልጣናት ያለ ሥርዓት በአንድ ጉድጓድ ተጣሉ። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. የሞቱት አፄ ኃይለ ሥላሴ በቤተ መንግሥቱ ግቢ በሲሚንቶ ሥር ተቀበሩ። በ1971 ዓ.ም. የተገደሉት አቡነ ቴዎፍሎስና ቄስ ጉዲና ቱምሳም እንዲሁ ተሰወሩ። በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ ሬሳ ጽሑፍ ተለጥፎበት መንገድ ላይ ተጣለ፤ ወላጆች ማልቀስ ተከለከሉ፤ የጥይት ዋጋ የተጠየቁም ነበሩ።

በ1984 ዓ.ም. መቃብሮቹ መከፈት ጀመሩ። የንጉሠ ነገሥቱ አስከሬን በየካቲት ወር ወጥቶ በበኣታ ለማርያም ቆየ፤ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። አቡነ ቴዎፍሎስ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ዐረፉ። የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ለልዩ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ለማሰባሰብ የጅምላ መቃብሮችን መረመረ፤ ከአንዳንዶቹ አጽሞች አንገት ላይ የናይሎን ገመድ ተገኘ። ሊደብቅ የተቀበረው ማስረጃ ፍርድ ቤት ቀረበ።

የሚደግፉት ምን ይላሉ?

የሟችን አካል መቅጣት ደጋፊ የሌለው ጭካኔ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በየዘመኑ አራት ምክንያቶች ቀርበውለታል፤ እያንዳንዱም በማስረጃ መመዘን አለበት።

አንደኛው የሞት ማረጋገጫ ነው። ጠንካራው መከራከሪያ ይህ ነው። አፄ ያዕቆብ በ1599 ዓ.ም. በጎል ጦርነት ከሞተ በኋላ በሰሜን አንድ ሰው «ያዕቆብ እኔ ነኝ» ብሎ ተነሣ፤ በጦርነቱ ቆስያለሁ በሚል ፊቱን በከፊል እየሸፈነ ብዙ ተከታይ አፈራ። ሱስንዮስ ዕረፍት ያገኙት ያ ሰው ተገድሎ ራሱ ሲመጣላቸው ነው። የኢማም አሕመድ ሞት በታየ ጊዜም ጦሩ ተበትኗል። ፎቶግራፍና ምርመራ በሌለበት ዘመን ምልክቱ ያስፈልግ ነበር ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ግን ዛሬ አይሠራም፤ ድሮም ቢሆን ሬሳውን አሳይቶ መቅበርን እንጂ ለዓመታት መስቀልን አያስረዳም።

ሁለተኛው ማስፈራራት ነው። የኃይሉ ከበደ ራስ ከታየ በኋላ የአርበኝነት ትግሉ እስከ 1933 ዓ.ም. ቀጥሏል። የግርማሜ ሬሳ ከተሰቀለ በኋላ የ1950ዎቹ ተማሪዎች እርሱን የለውጥ ጀማሪ አድርገው ቆጠሩት። የፍርሃቱ ዕድሜ አጭር፣ የቁጣው ግን ረጅም ነው።

ሦስተኛው መቃብሩ የተከታዮች መሰባሰቢያ እንዳይሆን መከላከል ነው። ብዙ ጊዜ የመሰወር ምክንያት ይህ ነው። አቡነ ጴጥሮስ መቃብር ባይኖራቸውም በአዲስ አበባ ሐውልት ቆሞላቸዋል። የልጅ ኢያሱ መቃብር መሰወር ስለ አሟሟታቸው የሚነገረውን አበዛው። መቃብር የሌለው ሰው በአንድ ቦታ አይወሰንም፤ በሁሉም ቦታ ይታሰባል።

አራተኛው ከፍርድ ያመለጠን ሰው መቅጣት ነው። ብዙ ግፍ የሠራ ገዥ በአልጋው ላይ ከሞተ ለተበደሉት ምን ይቀርላቸዋል? ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም፤ የተበደለ ሰው ቁጣ ነው። ነገር ግን ኃላፊነት የግል ነው፤ የሞተው አይሰማም፤ ሕመሙ የሚያርፈው ምንም ባላደረጉ ልጆችና ዘመዶች ላይ ነው።

ሃይማኖትና ሕግ

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት አስከሬን ትንሣኤን የሚጠብቅ አካል ስለሆነ ፍትሐትና ተዝካር ይገቡታል። ቤተ ክርስቲያን ግዝትን ታውቃለች፤ ፍትሐት መንፈግንም ታውቃለች። ያ ግን የነፍስ ጉዳይ ላይ የሚሰጥ ፍርድ እንጂ የሥጋ ማዋረድ ፈቃድ አይደለም። አጽምን ማንቀሳቀስም በራሱ ነውር አይደለም፤ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ አጽም በየዓመቱ ግንቦት 12 ይከበራል። እስልምና በጦርነት ጊዜም ቢሆን ሬሳ ማጎሳቆልን ይከለክላል፤ የሟችን አጥንት መስበር የሕያውን እንደ መስበር ተቆጥሯል። በይፋት ቆላ የአርጎባ፣ የአማራና የኦሮሞ፣ የሙስሊምና የክርስቲያን ጎረቤቶች በአንዱ ለቅሶ ሌላው ሲቆም የሚጠበቀው ይህ የጋራ መነሻ ነው። በሁለቱም ወገን «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ሳይባል የሟች ጥፋት አይነሣም፤ አባባሉ ግን መውቀስን አይከለክልም፣ በጥንቃቄ ይፈቅደዋል።

የጦር ሜዳው ባህልና የሃይማኖቱ ትምህርት እነሆ ይጋጫሉ። ራስ አስቆርጠው ያዞሩት ነገሥታት ቤተ ክርስቲያን አሳንጸዋል፤ የተሰቀለውን ራስ ያዩ አሚሮችም ቁርኣን ያስነብቡ ነበር። ስለዚህ ልማዱን ወደ አንድ እምነት ወይም ወደ አንድ ሕዝብ ማስጠጋት ማስረጃው አይደግፈውም።

ሕጉ ግልጽ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሙታንን ዕረፍትና ክብር መድፈርን ይቀጣል። እ.ኤ.አ. የ1949ኙ የጄኔቭ ስምምነቶች ተዋጊዎች የወደቁትን እንዲፈልጉ፣ ከመዘረፍ እንዲጠብቁና በክብር እንዲቀብሩ ያስገድዳሉ። ጉድለቱ ያለው በሕጉ አፈጻጸም ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጋቢት ከመተከል የወጣው የሰዎች መቃጠል ምስል፣ በአደባባይ የማዋረድ ልማድ ወደ ስልክ ስክሪን መሸጋገሩን ለአገር ሁሉ አሳይቷል።

ያልተዘጉ ጥያቄዎች

ሐውልትና አጽም አንድ ናቸው ወይ? በግንቦት 1983 ዓ.ም. የሌኒን፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በሐረር የራስ መኰንን ሐውልት ወርዷል። ሐውልት የሕያዋን ንግግር ስለሆነ ሕያዋን ሊከራከሩበት ይችላሉ፤ አጽም ግን የማንም ንግግር አይደለም። በመካከሉ አስቸጋሪ ቦታ አለ፤ መቃብሩ ራሱ የመንግሥት ክብር ሲሆንስ? ስፔን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2019 የፍራንኮን አስከሬን በሕግና በፍርድ ቤት ውሳኔ ከመታሰቢያው አውጥታ በሌላ ቦታ አስቀበረች። ክብሩን ነጠቀች፤ ሬሳውን አላዋረደችም። ለእኛ አገር ይህ ልዩነት መታወቅ ያለበት ነው።

መቃብር መቼ ይከፈታል? ሜንዴዝም መቃብር አስከፍቷል፤ የ1984ቱ ቆፋሪዎችም ከፍተዋል። የሚለያቸው ለማን እንደከፈቱ ነው። የመጀመሪያው ከሟቹ ስም ሊወስድ፣ ሁለተኛው ለሟቹ ስም ሊመልስ ነው። ይህን መለኪያ ዘረት ላይ ማዋል ይቻላል፦ በዋሻው የቀሩት አጽሞች ማስረጃ ሆነው ይቆዩ ወይስ ይቀበሩ? ማስረጃው በሙሉ ከተመዘገበና ከተጠበቀ በኋላ፣ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ተመክሮ መቅበር የሚሻል ይመስለኛል። የአፄ ዮሐንስንም ራስ በተመለከተ ሱዳንን በጨዋነት መጠየቅ የሁለቱንም አገር ቁስል ያስታውሳል፤ የመሐዲውም አጽም ከውርደት አልተረፈምና።

ማስረጃው ሲደመር፣ ሬሳ ላይ የተፈጸመ ቅጣት ሞትን ከማረጋገጥ ያለፈ ዓላማ ሲያሳካ አይታይም። በደለኛውን አይነካም፤ ተበዳዩን አይክስም፤ ቂሙን ለማያውቁት ልጆች ያወርሳል። በታሪክ ሠሪዎች ላይ መፍረድ ግን የትውልድ ሁሉ መብት ነው። ፍርዱ በሰነድ፣ በምርምር፣ በመማሪያ መጽሐፍና በፍርድ ቤት ይሰጥ፤ ዘርዐ ያዕቆብም በድላይም፣ ንጉሡም ደርጉም በሥራቸው ይመዘኑ። የይፋት የመቃብር ድንጋዮች እስከ ዛሬ መነበባቸው የወላስማዕን ዘመን ታሪክ በማስረጃ እንድንጽፍ አስችሎናል። ተቆራርጦ ከተበተነው የበድላይ አካል ያተረፍነው የድል አድራጊውን ዜና ብቻ ነው። ጠላቱን በቅጡ የቀበረ አገር ስለ ራሱም የበለጠ ያውቃል።